ሁለት የቅጥር ደብዳቤ በእጅ ሲኖር፤ አዲስ አበባ መቅረት ወይስ ውጭ አገር መሄድ?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዛ ቸርችል ጎዳና ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ካፌ ጠራችኝ። አንደኛው ደብዳቤ ካዛንቺስ አካባቢ ካለ ድርጅት የተጻፈ ሲሆን በሒሳብ ባለሙያነት ያልተጣራ 45,000 ብር የወር ደመወዝ ይሰጣታል፤ ሁለተኛው ከዱባይ የመጣና በቢሮ ረዳትነት 6,500 ድርሃም የሚል ነበር። ማኪያቶዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ግን 6,500 በ40 ተባዝቶ 260,000 ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምርጫም አይባል! አንተ ብትሆን ታመነታለህ?» አለችኝ።

እኔ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ፣ በወጣትነቴም ዶሃ ሦስት ዓመት ሠርቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ማመንታቱ አልገረመኝም፤ የገረመኝ አለማመንታቷ ነው። ሁለት ደመወዞችን በዕለቱ ምንዛሪ አባዝቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለውሳኔ ብዙም አይረዳም፤ ሊነጻጸር የሚገባው ከኑሮ ተርፎ በእጅ የሚቀረው ገንዘብ፣ ያ ገንዘብ የሚውልበት ጉዳይ፣ እንዲሁም ነገሩ እንዳሰቡት ባይሆን የሚመለሱበት መንገድ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከእርሷ ጋር በባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ላይ የሠራነውን ስሌት እርስዎም በራስዎ ቁጥር ሊሠሩት ይችላሉ።

መጀመሪያ የተጣራውን፣ ቀጥሎ የሚተርፈውን

የአገር ቤቱን ደብዳቤ ሲያነቡ ያልተጣራውን ደመወዝ ለጊዜው ይርሱት። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ከ15 በመቶ ተነሥቶ ከ14,000 ብር በላይ ለሆነው ክፍል 35 በመቶ ይደርሳል። ከ14,000 ብር በላይ ለሚከፈለው ሰው አጭሩ ስሌት ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ ነው። በዚህ መሠረት ከ45,000 ብር ላይ 13,700 ብር ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 3,150 ብር ለጡረታ መዋጮ ይነሣና 28,150 ብር ለእጅ ይቀራል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 4,950 ብር፣ ለጡረታዎ በየወሩ ይጨምራል፤ ይህ ገንዘብ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ዓይን ውስጥ ስለማይገባ ብዙ ሰው ከቁጥር አያስገባውም።

የዱባዩን ደብዳቤ ስንከፍት በደሞዝ ላይ የገቢ ግብር ስለሌለ 6,500 ድርሃሙ በሙሉ እጇ የሚገባ መስሎ ይታያል፤ ይገባልም። ነገር ግን ከሁለተኛው ገጽ ላይ ጠቅላላው ተከፋፍሎ መሠረታዊ ደመወዝ 2,600፣ የቀረው ደግሞ የቤትና የትራንስፖርት አበል ተብሎ ተጽፏል። ይህች መስመር ቀላል አይደለችም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ አንድ የውጭ አገር ሠራተኛ ቢያንስ አንድ ዓመት ከሠራ ሲወጣ የሚከፈለው የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ የሚሰላውም በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ለአንድ ዓመት የምታገኘው 1,820 ድርሃም ነው፤ ጠቅላላው መሠረታዊ ቢሆን ኖሮ 4,550 ድርሃም ይሆን ነበር። እኔ ይህን የተማርኩት ዶሃ ሥራዬን ለቅቄ የሒሳብ ክፍሉ ወረቀቱን ሲያስፈርመኝ ነው፤ በልቤ ስቆጥረው የነበረው ገንዘብ ከግማሽ በታች ሆኖ መጣ። የሚከራከሩበት ነገር አልነበረም፣ ከሦስት ዓመት በፊት ፈርሜበት ነበርና። በየትኛውም የባሕረ ሰላጤ አገር ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ቁጥር ይህ መሠረታዊ ደመወዝ የሚባለው ነው።

ቀጥሎ ወጪው ይመጣል። ለዚህ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ አማካይ ዋጋ አይበቃም፤ እዚያው ከተማ የሚኖርና ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ደመወዝ ያለው ሰው ማግኘትና «ባለፈው ወር በትክክል ምን አወጣህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ለምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ የድምፅ መልእክት ልካ ባገኘችው መልስ፣ ከሌላ ሰው ጋር ለሚጋሩት ክፍል 2,100፣ ለምግብ 1,200፣ ለሜትሮና ለአውቶቡስ የወር ትኬት 350፣ ለስልክ 150፣ ለልዩ ልዩ ነገር 500 ድርሃም መዘገብን፤ ድምሩ 4,300 ሆነ። የተረፈው 2,200 ነው። ለቤተሰብ የሚላክ 700 ስንቀንስ 1,500 ድርሃም ቀረ፤ በ40 ብር ሒሳብ 60,000 ብር ማለት ነው።

ለቤተሰብ በሚላከው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በስሌቱ ውስጥ ሰው ራሱን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ እየሠሩ ለእናትዎ በወር 3,000 ብር ቢሰጡ ምርቃቱ እስከ ደጅ ይሸኝዎታል፤ ያንኑ 3,000 ብር ከዱባይ ቢልኩ ግን ቤተሰቡ ባይናገርም ሰፈሩ ይናገራል። «ውጭ ነው ያለው» የተባለ ሰው ለአጎት ልጅ ሠርግ፣ ለጎረቤት ሕክምና፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ማሠሪያ ስሙ ቀድሞ ይጻፋል፤ ለእረፍት ሲመጣም ሻንጣው በአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ብቻ ሳይሆን በዘመድ ሚዛንም ይመዘናል። ይህን ስል መስጠት ይቅር እያልኩ አይደለም፤ የሚልኩትን መጠን ከመሄድዎ በፊት ከወላጆችዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑና እንደ ቤት ኪራይ ቋሚ ወጪ አድርገው ያስገቡት ማለቴ ነው።

የአዲስ አበባውን ወጪ ደግሞ እንዲሁ መዘገብን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከወላጆቿ ጋር ስለምትኖር ለቤት 7,000፣ ለምሳና ለቡና 4,500፣ ለታክሲ 2,500፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 1,150፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለመዋጮ 1,000 ብር አልን፤ ከ28,150 ብር ላይ 12,000 ብር ተረፈ። ተከራይ ለሆነ ሰው ግን ሥዕሉ ፈጽሞ ይለወጣል። በተለይ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩና በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ከተማዋ ዳር የተዛወሩ ሰዎች ሥራው መሀል ከተማ ከሆነ የትራንስፖርቱን ብር ብቻ ሳይሆን በቀን የሚፈጀውን ሰዓትም ቆጥረው መግባት አለባቸው። አዲስ ቤት የሚከራዩ ከሆነ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ የኪራዩን ወጪ ለሁለት ዓመት መገመት ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል።

እንግዲህ በደረሰኙ ጀርባ ላይ የነበረው ልዩነት 215,000 ብር ነበር፤ በደብተሩ ላይ የተገኘው ግን በወር 48,000 ብር ነው። አሁንም ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ዱባይ በገንዘብ ረገድ ይበልጣል፤ ውሳኔው ግን በ215,000 ላይ ሲሆንና በ48,000 ላይ ሲሆን አንድ ዓይነት አይደለም።

ስለ ምንዛሪውም አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኤምሬቶች ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታስሮ የኖረ ስለሆነ በድርሃም የተቀመጠ ገንዘብ በብር ሲታይ አድጎ ይገኛል። ነገር ግን የሚያድገው የተቀመጠው ብቻ ነው፤ እዚያው የተበላው 4,300 ድርሃም ብር ሆኖ አያውቅም፣ ስለዚህ በብር ማባዛቱ ትርጉም የለውም። በተቃራኒው በብር ዕዳ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ የኮንዶሚኒየም ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍል፣ በውጭ ገንዘብ ሲከፈለው ዕዳው ይቀልለታል፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ወደ ውጭው ደብዳቤ የሚያደላ እውነተኛ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ምን ይሠራል? ሙያውስ የት ይደርሳል?

48,000 ብር በ24 ወር ሲባዛ 1,152,000 ብር ይሆናል። የአክስቴ ልጅን «ይህ ገንዘብ ምን ይሠራልሻል?» ብዬ ስጠይቃት ወዲያው መልስ አልነበራትም፤ «እቆጥበዋለሁ» አለች። አንድ ጎረቤቴ ግን በተመሳሳይ ደመወዝ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲሄድ የሚከፍለው የባንክ ብድርና የሚጨርሰው ቤት ነበረው፤ ስንት ወር እንደሚበቃው ያውቅ ነበር፣ ያን ጨርሶም ተመለሰ። ሥራ የተሰጠው ገንዘብ መመለሻ ቀን አለው። «እቆጥባለሁ» ብቻ ከሆነ ሁለት ዓመቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ሲሆን ብዙ አይቻለሁ።

ከገንዘቡ ጎን የሚቆመው የሙያው ጉዳይ ነው። የሒሳብ ዲግሪ ያላት ልጅ ሁለት ዓመት የቢሮ ረዳት ሆና ስትመለስ እዚህ የሚጠብቃት የሥራ ማስታወቂያ «በሙያው 4 ዓመት የሠራች» የሚል ነው፤ ዱባይ ያሳለፈችው ጊዜ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባላትም። በተቃራኒው ውጭ የቀረበላት ሥራ በሙያዋ ቢሆንና እዚህ ያላየችውን አሠራር የሚያስተምራት ቢሆን ኖሮ፣ ደመወዙ ከዚህ ቢያንስ እንኳ ሂጂ እላት ነበር። የውጭውን የሥራ መደብ ስም በወረቀት ላይ ጽፈው «ከዚህ ቀጥሎ የምይዘው መደብ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ቀጣሪው መልስ ከሌለው እርስዎም እንደማይኖርዎ ይቁጠሩ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚደባለቀው «ውጭ» የሚባለው ቃል ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራ ውል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ሲያበቃ በአብዛኛው መመለስ ይከተላል፤ ስለዚህ ስሌቱ በቁጠባና በዓመታት ብዛት ይሠራል። ጀርመን፣ ካናዳ ወይም እንግሊዝ ከሆነ ግን ነገሩ ከመኖርና ከመሥፈር ጋር የተያያዘ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ስለሆኑ የሚነጻጸረው አምስተኛው ዓመት ነው።

ለምሳሌ ጀርመን ሰማያዊ ካርድ የሚባለውን የባለሙያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ከ27 ወር በኋላ፣ የጀርመንኛ ችሎታው ቢ1 ወደሚባለው መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ ደግሞ ከ21 ወር በኋላ ቋሚ መኖሪያ ሊጠይቅ ይችላል። በአንጻሩ ከደመወዙ ላይ ከግብር ሌላ የጡረታ፣ የጤና፣ የሥራ አጥነትና የእንክብካቤ መድን መዋጮ ይነሣል፤ ቤት ሲከራይም ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ኪራይ ማሞቂያና ሌሎች ወጪዎችን የማይጨምረው «ቀዝቃዛ ኪራይ» ሊሆን ስለሚችልና ተቀማጩ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ስለሚደርስ የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው። ነርሶች በበኩላቸው ሙያቸው እውቅና እስኪያገኝ ድረስ በረዳትነት ደረጃ ሊከፈላቸው ስለሚችል በደብዳቤው ላይ ያለው ደመወዝ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁ።

እንግሊዝን በተመለከተ ሁለት ነገር ይያዙ። የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ጥቅል የደመወዝ ወለል ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 41,700 ፓውንድ በዓመት ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለእንክብካቤ ሠራተኞች ከውጭ አገር የሚደረገው አዲስ ምልመላ በዚያው ቀን ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬም «ኬር አለልህ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥምዎ የሚሸጥልዎት ነገር የለውም። ሁለተኛው ከቪዛ ማመልከቻው ጋር የሚጠየቀው የጤና አገልግሎት ክፍያ ነው፤ ለአዋቂ ሰው በዓመት 1,035 ፓውንድ ሆኖ የቪዛው ዘመን በሙሉ አንድ ላይ ስለሚከፈል ለሦስት ዓመት 3,105 ፓውንድ ይሆናል። የጤና ባለሙያዎች ቪዛ ያላቸው ከዚህ ነፃ ናቸው። ለሌላው ግን ቀጣሪው ይከፍላል ወይስ እርስዎ የሚለው በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

የመሥፈር ሐሳብ ያለው ሰው ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድ አስቀድሞ ይወቅ። የሌላ አገር ዜግነት ሲወሰድ የኢትዮጵያው ይቀራል፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆን በቢጫ ካርድ ብዙ መብት ቢያስገኝም የመምረጥ መብት ግን አያስገኝም። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ለሌላው ሌሊት የሚያስነቃ ጉዳይ ነው።

የመጣው ደብዳቤ እውነተኛ ስለመሆኑ

ይህ ክፍል አጭር ነው፣ ምክንያቱም መልሱ አያሻማም። በኤጀንሲ በኩል የሚሄዱ ከሆነ ኤጀንሲው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የታወቀ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረትም የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። ከኤምሬቶች የመጣ የሥራ ጥያቄ በአገሪቱ የሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር ቅጽ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ በኋላ የሚፈረመው ውልም በዚያ ቅጽ ላይ ካለው ጥቅም ሊያንስ አይችልም። «በጉብኝት ቪዛ ግባና እዚያ እንቀይርልሃለን» የሚል ቀጣሪ ካለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ። የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነበር።

እዚህ ጥለውት የሚሄዱት

ሰው የሚያገኘውን እንጂ የሚተወውን አይቆጥርም። አሁን ሥራ ላይ ያለ ሰው ከመልቀቁ በፊት በእጁ ያለው መብት ስንት እንደሆነ ይቁጠር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ስለዚህ አምስት ዓመት የሞላው ሰው የ70 ቀን ደመወዝ አለው ማለት ነው። የቀን ደመወዙ 1,000 ብር የሆነ ሰው አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ቸኩሎ ቢለቅ 70,000 ብር ጥሎ ይሄዳል። ሁለት ወር የጉዞ ቀን ማስለወጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ያልተወሰደ የዓመት እረፍትም ወደ ገንዘብ ተለውጦ እንዲከፈልዎ ይጠይቁ።

ጡረታውንም አይርሱ። በ60 ዓመት በጡረታ ለሚወጣ ሰው ዝቅተኛው የአገልግሎት ዘመን 10 ዓመት ሲሆን፣ በገዛ ፈቃዱ ቀደም ብሎ ለለቀቀ ሰው ግን ሁኔታው ስለሚለይ የአገልግሎት ዘመንዎን በጽሑፍ አስቆጥረው መብትዎን ከማኅበራዊ ዋስትናው ቢሮ ይጠይቁ። አሠሪዎ የቆረጠብዎትን መዋጮ በእርግጥ ገቢ ማድረጉን የሚያውቁትም ያን ጊዜ ነው።

የወረቀቱ መብት እንዲህ ከሆነ፣ በወረቀት ያልተጻፈውም አለ። ዕቁብ ያለበት ሰው ዕጣው ወጥቶለት ከሆነ ቀሪውን የሚከፍልለት ሰው ይዞ ለዕቁቡ ዳኛ ሳያሳውቅ መሄድ የለበትም፤ በዕዳው የሚያዘው ዋስ የሆነለት ሰው ነው። እንዲሁም ለሌላ ሰው የሥራ ዋስትና የፈረሙ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ዋስትናውን የሚያዛውሩበትን መንገድ ይፈልጉ። የእድር መዋጮ እንዲቀጥል ለቤተሰብ ወይም ለጎረቤት አደራ ይስጡ፤ ከዓመታት በኋላ ወላጅ ሲያርፍ ድንኳኑን የሚተክለው እድሩ እንጂ ዌስተርን ዩኒየን አይደለም። በባንክ፣ በቤት ወይም በፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ውልና ማስረጃ ሄዶ ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ፤ ውክልናውም ጠቅላላ ከሚሆን ይልቅ ለየጉዳዩ ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል። ከውጭ ሆኖ ውክልና ለመላክ በኤምባሲ የሚደረገውን ምልልስ አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ይህን ምክር ሁለተኛ አይጠይቅም።

ጊዜ መጠየቅና መደራደር

ሁለት ቀጣሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ «እሺ ወይም እንቢ» ሲሉ ሰው የሚወስነው በፍርሃት ነው። ጊዜ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን አጭር ደብዳቤ የአክስቴ ልጅ በስልኳ ላይ እዚያው ካፌ ውስጥ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«ለሰጣችሁኝ የሥራ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ውሳኔዬን በኃላፊነት ለመስጠት እንድችል እስከ መጪው ወር መጀመሪያ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠኝ፣ በተጨማሪም መሠረታዊ ደመወዙና አበሎቹ ተለያይተው በጽሑፍ እንዲገለጹልኝ፣ የሙከራ ጊዜው ርዝመትና የዓመት እረፍት ትኬት የሚሸፍነው ማን እንደሆነ እንዲብራራልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ለካዛንቺሱ ድርጅት የጻፈችው ደግሞ ሌላ ነበር፤ የውጭውን ደብዳቤ ሳትጠቅስ የሥራ መደቡ ከፍ ብሎ «ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ» እንዲባልና ከሙከራ ጊዜ በኋላ ደመወዙ እንዲታይ ጠየቀች። «ዱባይ 6,500 ድርሃም ሰጥተውኛል» ብሎ ለአዲስ አበባ ቀጣሪ መናገር አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ውጤት አያመጣም፤ ቀጣሪው የሚሰማው «ይህች ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ትሄዳለች» የሚለውን ነው። ይልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ሌላ ድርጅት የሰጠውን ሐሳብ መጥቀስ ይሠራል፣ ካለ ማለቴ ነው፤ የሌለ ሐሳብ መፍጠር ግን የካዛንቺስና የሜክሲኮ የሒሳብ ባለሙያዎች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ በሳምንት ውስጥ ያጋልጣል።

የሙከራ ጊዜው ልዩነትም ይታሰብበት። በእኛ አዋጅ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በኤምሬቶች ግን እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አገሩን ለቅቆ ለመውጣት የሚፈልግ ሠራተኛም የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እንግዲህ ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ያለ ስንብት ክፍያ ሊመለስ እንደሚችል አስቦ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ በአገር ቤት ሒሳቡ ይተው። አሁን ያሉበት ድርጅት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ከመልቀቅ በፊት ያንን መጠየቅ ይቀድማል፤ ብዙ ሰው እንቢ ይሉኛል ብሎ ሳይጠይቅ ይቀራል።

የአክስቴ ልጅ ከአሥር ቀን በኋላ ሁለት መልስ መጣላት። ዱባዮቹ መሠረታዊውን ወደ 3,200 ድርሃም አደረጉ፣ ጠቅላላው ግን ከ6,500 አልተነቃነቀም፤ የዓመት እረፍት ትኬቱም በየሁለት ዓመቱ ነው አሉ። የካዛንቺሱ ድርጅት ደመወዙን ሳይጨምር የመደቡን ስም ለወጠላት። እሷም 1,152,000 ብሩ የሚሠራው ሥራ ስላልተገኘለት የካዛንቺሱን ወሰደች፤ የባንክ ብድር ቢኖርባት ኖሮ እኔ ራሴ ሻንጣዋን እሸከምላት ነበር።

ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊትና በኋላ

ውጭውን የመረጠ ሰው የሥራ ፈቃዱ ወይም ቪዛው በእጁ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳያስገባ። የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አልፎ፣ ወደሚሄዱበት አገር ኤምባሲ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ይወስዳልና ይህን ከሥራ ሳይለቁ ይጀምሩት። ስም በዲግሪው፣ በፓስፖርቱና በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ ፊደል ሳይለያይ መጻፉን በመጀመሪያው ቀን ይመልከቱ፤ «Y» እና «I» የተቀያየሩበት የአያት ስም በየመስኮቱ ሦስት ሳምንት ሲያንከራትት አይቻለሁ።

መልቀቂያውን ሲያስገቡ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ጠብቀው፣ ቀን ያለበትና መዝገብ ቤት ቁጥር የሰጠው ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። በመጨረሻው ሳምንት ክሊራንሱን ከንብረት ክፍል፣ ከሒሳብና ከአይቲ አስፈርመው ይጨርሱ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውም የሥራ መደቡን፣ የጀመሩበትንና የለቀቁበትን ቀን፣ ደመወዙንና የተከፈለውን ግብር የሚገልጽ ሆኖ ክብ ማኅተም ያረፈበት በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ይዘው ይሂዱ፣ ሌላውን እናትዎ ቤት ከኮንዶሚኒየሙ ውል ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡት።